«ምን ላምጣልሽ?» ብቻዬን ስጓዝ ያጠፋሁትና ያገኘሁት

አባቴን አምስት ዓመት አስታመምኩ። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ቀን ጀምሮ የቤታችን ሰዓት የሱ መድኃኒት ነበር። ወንድሜና እህቴ ትዳር ይዘዋል፣ እኔ አልያዝኩም። ማንም ቁጭ ብሎ ሳይወስን ነገሩ እኔ ላይ አረፈ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ያ ጊዜ ቢመለስ እንደገና አደርገዋለሁ። ግን ያን ያህል ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ፍላጎት ሲጠብቁ ሲኖሩ የራስ ፍላጎት ድምፁ ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ መጥፋቱንም አላስተዋልኩም።

ያስተዋልኩት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። እህቴ ትንሽ ነፋስ ትቀበል ብላ ምሳ ወሰደችኝ። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ። ሜኑውን አየሁት፣ ገለበጥኩት፣ መልሼ አየሁት። ምንም አልመጣልኝም። «ያለውን» አልኳት። ልጅቷ ግራ ገባት፣ ያለው ሁሉ እጄ ላይ ተጽፏላ። በመጨረሻ እህቴ አዘዘችልኝ። በቀብሩ ቀን እንኳን እንደዚያን ቀን አላለቀስኩም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ምን መብላት እንደምወድ አላውቅም።

ብቻዬን የሆነ ቦታ ልሂድ የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ በዚያው ሳምንት ነው። የት እንደምሄድ ለመወሰን አልተቸገርኩም። አባቴ ወጣት ሳለ በድሮው ባቡር ከለገሃር ተነስቶ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር፣ ያችን ጉዞ ሳያነሳ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። በየጣቢያው መስኮት ሥር እየሮጡ የሚሸጡት ልጆች፣ ከባቡሩ ሲወርዱ ፊት ላይ የሚመታው ሙቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠዋት የበላው ፈጢራ። ስስ ሊጥ በእንቁላል ተጠብሶ፣ ታጥፎ፣ ማር የሚፈስበት። አፉ ተይዞ ቃል በቃል እየለቀመ በሚናገርበት ጊዜም «ፈጢራ» የምትለዋን በደንብ ይላት ነበር።

ጉዞው የካቲት 2011 ላይ ነው። አሁን ወደ ጥፋቶቼ ልግባ፣ ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ስል ነውና።

ትልቁ ጥፋት ውሸት ነው። ለወንድሜ «አዳማ ጓደኛዬ ጋ ሁለት ሦስት ቀን ልሰንብት» አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ምን እንደሚል ስለማውቅ። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ የሆነ ነገር ሆኗል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። «ብቻሽን? ምን ሆንሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለመሸሽ ስል የት እንዳለሁ በምድር ላይ አንድም ሰው እንዳያውቅ አደረግኩ። ብቻ መጓዝና የት እንዳላችሁ ሳይታወቅ መጓዝ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እባካችሁ አንድ ሰው ይወቅ። ሁሉም ዘመድ አይደለም፣ አንድ ሰው። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ማረፊያ፣ በስንት ሰዓት ትደውላላችሁ፣ ካልደወላችሁ ማንን ይጠይቃል። ይህ ነፃነታችሁን አይቀንስም። እንዲያውም እኔ ነፃ የሆንኩት ውሸቱ ከወጣ በኋላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰው ማመላለስ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነበር። የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው። አባቴ የሄደበት የድሮው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ድሬዳዋ ከተማም የተቆረቆረችው በሐዲዱ ምክንያት ነው። የአባቴ ባቡር ቢቀርም አገሩ ያው ነው። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ከመስኮቱ ሥር ተዘርግቶ፣ ፈንታሌ ተራራ ከወዲያ ቆሞ ሳይ፣ ዞር ብዬ «አየኸው?» ልል ነበር። አጠገቤ አንዲት ልጇን ያስተኛች እናት ናት ያለችው። ለዓመታት ያየሁትን ሁሉ ለአንድ ሰው ስነግር ኖሬ፣ አሁን ያየሁትን የት ላድርገው? ይህ ስሜት ይመጣባችኋል። ትንሽ ደብተር ያዙ። ስልክ አይደለም፣ ደብተር። ለሰው ልትነግሩት ያሰባችሁትን እዚያ ላይ ጻፉት። የኔ ደብተር የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች በሙሉ «አባዬ» ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አይጀምሩም።

ድሬ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ማረፊያ አልያዝኩም። ደርሼ እፈልጋለሁ ብዬ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኬ መንገድ ላይ ፎቶ ሳነሳበት ባትሪው አልቋል፣ ጀምበሯ ደግሞ ልትጠልቅ ነው። ባጃጁ የጠየቀኝን ከፈልኩ። «ጥሩ ማረፊያ ውሰደኝ» አልኩት፣ እሱም ወሰደኝ። ክፍሉን ሳላይ ሂሳቡን ከፈልኩ። ገብቼ በሩን ስዘጋ መቀርቀሪያው አይዝም። ተመልሼ «ሌላ ክፍል ስጡኝ» ማለት ስችል አፈርኩ! ሰው ላለማስቸገር ብዬ ጠረጴዛውን በር ላይ ገፍቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ ስሰማ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ስለዚህ፣ በተለይ ለሴቶች፤ የመጀመሪያውን ቀን ማረፊያ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። የቀረውን እዚያው ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ግን አትቆምሩበት። እኛ አገር በጋም ሆነ ክረምት ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ጨለማ ነው፣ ስለዚህ ከ10 ሰዓት በፊት የማያደርሳችሁን መጓጓዣ ተዉት። ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። በሩን ዝጉት፣ ክፈቱት፣ እንደገና ዝጉት። ካልተመቻችሁ ውጡ። ይሉኝታ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከሌባ የከፋ ጠላት ነው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ፓወር ባንክም ያዙ።

ወንዶች «ብቻሽን ነሽ?» ይሏችኋል። አብዛኞቹ ከልባቸው ገርሟቸው ነው፣ አንዳንዱ ግን አይደለም። ለማያውቁት ሰው እውነቱን የመናገር ግዴታ የለባችሁም። «ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው» በቂ ነው። ሚኒባስ ላይ ጋቢና ወይም ከሴት አጠገብ ተቀመጡ። መንገድ ሲጠፋችሁ መሐል መንገድ ላይ ቆማችሁ ስልክ ከማየት ሱቅ ገብታችሁ፣ ውኃ ገዝታችሁ፣ ባለሱቋን ጠይቁ።

ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ባሰ። ከዚህ በፊት ብቻቸውን የሄዱ ሰዎችን ሳወራ ብዙዎቹ ይህንኑ ይሉኛል፣ ሁለተኛው ቀን ነው የሚከብደው። የጉጉቱ ስካር ይወጣል፣ መላመዱ ገና አልመጣም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ስዞር ዋልኩ፣ አገሩ ያምራል፣ እኔ ግን ውስጤ ባዶ ነው። ምሳ ስበላ አጠገቤ ያለ ቤተሰብ «ነይ እንጂ፣ እዚህ ቁጭ በይ፣ እንብላ» አሉኝ። ድሬዎች እንደዚያ ናቸው፣ አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የሚሉት፣ ባንዴ ዘመድ ያደርጓችኋል። እኔ ግን ብቻዬን በመታየቴ ያዘኑልኝ መሰለኝና «በልቻለሁ» አልኳቸው፣ ሳህኑ ፊቴ ሙሉውን ተቀምጦ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገበያ ውስጥ ግርግር ላይ የገንዘብ ቦርሳዬ ተወሰደ። ይዤው የመጣሁት ገንዘብ በሙሉ፣ የኤቲኤም ካርዴም አንድ ላይ። መታወቂያዬ የተረፈው የባቡር ትኬት ስቆርጥ አውጥቼው የጃኬት ኪስ ውስጥ ረስቼው ስለነበር ብቻ ነው።

ገንዘብ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የቀኑ ወጪ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ገንዘብ ልብስ ሥር፣ ለመመለሻ የሚበቃው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ የማይጠረጠር ቦታ። ካርድና ብር አንድ ላይ አይኖሩም። የመታወቂያችሁን ፎቶ ለአንድ ሰው ላኩ። አሁን በስልክ ገንዘብ መላክ ቀሏል፣ ያኔ እንዲህ አልነበረም፣ ግን ስልኩም ይሰረቃልና ስልክ ላይ ብቻ አትደገፉ። ቢያንስ አንድ የቤተሰብ ቁጥር በቃል ያዙ።

አንድ ካፌ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩ። ያን ስልክ መቼም አልረሳውም።

«አዳማ ነሽ አይደል?» አለኝ።

«ድሬዳዋ ነኝ ጋሽዬ።»

ዝም አለ። «ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ምን አደረግንሽ?»

ይህ ነው የጎዳኝ። ቁጣውን ጠብቄ ነበር፣ ይህን አልጠበቅኩም። እኔ ለራሴ የወጣሁበትን ጉዞ እሱ ከእነሱ እንደ መሸሽ ቆጠረው። ብነግረው ኖሮ እኮ እንዲህ አያስብም ነበር። «ምንም አላደረጋችሁኝም። አባዬ ያየውን ልየው ብዬ ነው» አልኩት። ድምፁ ጠፋ፣ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣

«ፈጢራውን በላሽ?» አለኝ።

«አልበላሁም፣ ገንዘቤ ተሰረቀ።»

አባታችን ከሞተ በኋላ ወንድሜ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ አለቀስኩም፣ ሰው እያየኝ። በዚያው ቀን በባንክ ሐዋላ 3,000 ብር ላከልኝ፣ በመታወቂያዬ ተቀበልኩ። «ነይ ተመለሺ» ይለኛል ብዬ ነበር። «ማታ ማታ እየደወልሽ» ብቻ ነው ያለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፈጢራ ልበላ ሄድኩ። በደንብ ተዘጋጅቼ፣ እንደ ቅዳሴ ነው የሄድኩት። መጣ፣ ማሩ ከላይ ያብረቀርቃል። ቆረስኩ። በላሁ። ጣፈጠኝ... ደግሜ ቆረስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደድኩትም። ለኔ በጣም ጣፋጭ ነው። ደነገጥኩ፣ አባቴን የከዳሁት መሰለኝ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ፉል በቃሪያ ይበላሉ፣ ሽታው ይመጣል። አስተናጋጁ ሲያልፍ ጠራሁት። «ለኔም እንደሳቸው ፉል፣ ቃሪያ በዛ ብሎበት፣ ዳቦው ትኩስ ይሁን» አልኩት። አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ አልጠበቅኩትም። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አውቄ ፈለግኩ። ቃሪያ በዛ ብሎበት!

ብቻ መጓዝ ምን ይሰጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያችን ጠዋት ነው የምነግራችሁ። ከሰው ጋር ብሄድ ኖሮ ፈጢራውን በልቼ «ጣፋጭ ነው» ብዬ እወጣ ነበር። እህቴ ብትኖር ለአባዬ መታሰቢያ ብለን እንጨርሰው ነበር፣ እንደ ሥርዓትም ይሆንብን ነበር። ብቻችሁን ስትሆኑ ከማንም ጋር መስማማት አያስፈልግም። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ፣ የቱ መንገድ ይሻላል፣ ደከማችሁ ወይስ አልደከማችሁም፣ ሁሉም የራሳችሁ መልስ ነው። መጀመሪያ ይህ ያስፈራል፣ ምክንያቱም መልስ የላችሁም። ቀስ እያለ ይመጣል። ትልቅ ነገር አትጠብቁ፣ በቃሪያ ይጀምራል።

በዚያው ቀን በሚኒባስ ወደ ሐረር ወጣሁ። 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ሙቀቱ ከኋላችሁ ይቀራል፣ ሐሮማያንና አወዳይን አልፋችሁ ስትገቡ ጃኬት ያስፈልጋችኋል። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ ደውዬ ነበር። ጀጎል ውስጥ በባህላዊው ቤታቸው እንግዳ የሚያሳድሩ አንዲት እናት ጋ ነው ያረፍኩት፣ አዴ እያልኩ። «እርስዎ» ስላቸው ሳቁብኝ፣ «ይሄ ሰው የምታርቂበት ነው፣ አንቺ በይኝ» አሉኝ። ምላሴ እምቢ አለ። እሳቸው አንቺ እያሉኝ፣ እኔ እርስዎ እያልኩ ሰነበትን።

ጀጎል አምስት ጥንታዊ በር አለው፣ ውስጡ ደግሞ የመንገዶች ጥልፍልፍ ነው። አዴ «አትጠፊም፣ ግንቡ ይመልስሻል» አሉኝ፣ እውነት ነው። ብቻችሁን መንገድ መጥፋት ለምትፈልጉ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች ስትወርዱ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። እዚያ ድሪያ ቀሚስ አሰፋሁ። ሰፊው «የትኛውን ቀለም?» ሲለኝ ቢጫውን አልኩት፣ ወዲያው። ከሐዘኑ ጀምሮ ከጥቁር ሌላ አልለበስኩም ነበር። እስኪሰፋ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ብዙም አላወራንም። ማታ ጅቦቹን ሲያበሉ አየሁ፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው ያንን ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን እኔ ውስጥ የቀረው ያ የመኪና ድምፅ ነው።

ከባዱ ሰዓት ማምሻው ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እናንተ የምትገቡበት ቤት የላችሁም። ለዚያ ሰዓት የሚሠራ ነገር አዘጋጁ። እኔ ለወንድሜ መደወያ አደረግኩት፣ ከዚያ አዴ ቡና ያፈላሉ፣ መደቡ ላይ ወጥቼ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። በሁለተኛው ማታ አንዷ «ባል የለሽም? ሰው የለሽም?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከፋኝ ነበር። ስለ አባቴ ነገርኳት። እሷም ስለ እናቷ ነገረችኝ፣ ስምንት ዓመት አስታማለች። ከዘመድ ጋር ይህን አውርቼው አላውቅም፣ ዘመድ ስለሚያዝን። ለማያውቃችሁና ነገ ለምትለዩት ሰው የሚነገር ነገር አለ።

ሁለተኛ ጉዞዬ ህዳር 2012 ላይ ነው፣ አርባ ምንጭ። ይህኛው ስለተቃና ብዙ የምለው የለኝም። ለወንድሜ ነገርኩት፣ ማረፊያ ያዝኩ፣ ገንዘቡን ሦስት ቦታ ከፋፈልኩት፣ ስለ መንገዱ ደግሞ ከመነሳቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ በመስመሩ የሚሠሩትን ሾፌሮች ጠየቅኩ። ይህን አሁን አደራ የምለው ነው። የመንገድ ሁኔታ በሳምንት ውስጥ ይለወጣል፣ ባለፈው ወር የሄደ ሰው ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል። በዚያው ሳምንት ያለፈበትን ሾፌርና እዚያው የሚኖር ሰው፣ ሁለቱንም ጠይቁ። አንዳቸው ከተጠራጠሩ ቀሩ። ጉዞው የትም አይሄድም።

ዶርዜ ወጣሁ፣ እንደ ዝሆን ግንባር ያሉትን የቀርከሃ ቤቶች አየሁ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፣ አንዱ ቤት ሲሠራ ከነበረው ቁመት ምን ያህል እንደወረደ አሳዩኝ። ቆጮ በማርና በዳጣ አቀረቡልኝ። በዳጣው በላሁ። ማሩን ተውኩት።

በመጨረሻው ቀን ከገደሉ አፋፍ ላይ ምሳ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፣ አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመሐል የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት። አስተናጋጇ መጣች።

«ምን ላምጣልሽ?»

«አሳ ጥብስ፣ ዳጣ ከጎኑ። ወንበሩን ደግሞ ወደ ሐይቁ አዙሪልኝ።»

ምግቡ ሲመጣ ከኋላዬ ያሉ ሰዎች «ብቻሽን? ነይ እዚህ እንብላ እንጂ» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳህኔን ከፍ አደረግኩላቸው። «እናንተም እንብላ» አልኳቸው፣ ሳቁ፣ አንደኛዋ መጥታ ከአሳው ቆረሰችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እኔ ወደ ሐይቁ ዞሬ መብላቴን ቀጠልኩ።